ከስምንት ወር በኋላ፦ መንጋጋው ጤነኛ፣ መጋጠሚያው የዛገ ኒድል ሆልደር

ሐኪም ቁስል ሲሰፋ መርፌ የሚይዝበት መሣሪያ፣ 16 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ማዮ ሄጋር ነው። የቀለበቶቹ ወርቃማ ቀለም እንደሚያመለክተው መንጋጋው ተንግስተን ካርባይድ የሚባል በጣም ጠንካራ ነገር አለው፤ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም። መርፌ ነክሶ የመቆለፊያው ሁለተኛ ጥርስ ላይ ሲቆለፍ መርፌውን በጣት ለማዞር ቢሞከር ንቅንቅ አይልም።

ያበላሸው መጋጠሚያው ነው። አንዱ እጅ በሌላው ውስጥ በሚያልፍበት ጠባብ ቦታ፣ ጠርዙ ላይ ቡናማ ነጥብ ወጣ። ቡናማ ሁሉ ዝገት አይደለም፤ ውሃ የተወው እድፍም ይሆናል። እድፍ ከሆነ በእርሳስ ላጲስ ሲፈተግ ይለቅና ከሥሩ ለስላሳ ብረት ይታያል። እዚህ ግን ቡናማው ለቆ ጥቁር ጉድጓድ ቀረ፤ የመርፌ ጫፍ ሲሄድበት ያዝ ያደርገዋል። ብረቱ ተበልቷል፤ ወልውሎ መመለስ የለም።

ሻጭ ምን እንደሚል ይታወቃል፦ «ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ ዘፍዝፋችሁት ነው፣ በረኪና ነክቶት ነው።» ሁለቱም ስቴይንለስን እንደሚበሉ እውነት ነው። ይሄ ዕቃ ግን አንዱንም አልቀመሰም። ሥራ እንዳለቀ ፒኤቹ 7 አካባቢ በሆነ፣ አሲድም አልካሊም ባልሆነ ማጽጃ ይታጠባል፣ መጋጠሚያው ተከፍቶ በለስላሳ ብሩሽ ይታሻል፣ በተጣራ ውሃ ይለቀለቃል፣ ክፍት እንደሆነ በ134 ዲግሪ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ይደረጋል። ከሌላ አምራች የመጣው መቀስ በዚያው ቅርጫት፣ በዚያው ውሃ ከርሞ ዛሬም ንጹሕ ነው። ጥፋቱ የውሃው ቢሆን መቀሱም ባልተረፈ ነበር።

«ማግኔት ስለማይስበው ጥሩ ስቴይንለስ ነው» የሚለውንም አትቀበሉ። መቀስና ኒድል ሆልደር የሚሠሩት 420 እንደሚባለው ካለ፣ በሙቀት ከሚጠነክር የስቴይንለስ ዓይነት ነው፤ እሱን ማግኔት ይስበዋል። ማግኔት የማይስበው 304 የሚባለው ዓይነት ቁስል ከፍቶ ለሚይዘው ሪትራክተር ይሆናል እንጂ ስለት አይዝም። ይሁንና 304 ውስጥ ዝገት የሚከላከለው ክሮሚየም 18 በመቶ ገደማ ሲሆን 420 ውስጥ ከ12 እስከ 14 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ 420 ዝገት እንዲቋቋም ጥሩ ተደርጎ መወልወል፣ ከዚያም ናይትሪክ ወይም ሲትሪክ አሲድ ውስጥ ገብቶ ላዩ ላይ የቀረው የብረት ብናኝ መውጣት አለበት። መጋጠሚያው ውስጥ የሞረድ ጭረትና ብናኝ ከቀረ ዝገቱ ከዚያ ይነሳል። ውጭው እንደ መስታወት ቢያበራ ምንም አይፈይድም።

ስትገዙ ከፍታችሁ ውስጡን በብርሃን እዩ። ሁለቱን እጆች ወደ ጎን ወዝውዟቸው፤ ክፍተት ሊኖር አይገባም። ከዚያ በተጣራ ውሃ 30 ደቂቃ ቀቅላችሁ እዚያው ውሃ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ ተዉትና አድርቃችሁ መጋጠሚያውን ተመልከቱ። ይህን ሳላደርግ መክፈሌ ይቆጨኛል።

የዛገ ዕቃ ከሌሎቹ ጋር አንድ ቀን እንኳ አውቶክሌቭ አይገባም፤ ዝገቱ ወደ ጤነኞቹ ይሻገራል። መንጋጋው ገና አዲስ የሆነ ኒድል ሆልደር ከትሪው የወጣው ለዚህ ነው።