«2 ሌሊት ዴናሊ» የሚል የአላስካ ጥቅል ልትገዙ ከሆነ ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው ከአላስካዋ ከተማ ከአንኮሬጅ ነው፤ ንዴቱ ገና አልወጣልኝም። ነገ እንበራለን። ከሁሉ አብልጠን የከፈልንበትን ነገር፣ የዴናሊን ተራራና በስሙ የሚጠራውን ብሔራዊ ፓርክ፣ ግን በቅጡ ሳናየው ነው የምንመለሰው።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ክረምቱ ወጣ ሲል በቴሌግራም የተራራ ፎቶ ይለጥፋሉ፣ «7 ሌሊት መርከብ፣ 3 ሌሊት የየብስ ጉብኝት፣ ሁሉም ተካቷል» ይላሉ፣ ቀብድ ይቀበላሉ፤ ዝርዝር ስትጠይቋቸው «እሱን ለኛ ተዉት» ነው መልሱ። በመርከቡ ቅሬታ የለኝም። ከቫንኩቨር ተነስቶ ኬቺካን፣ ጁኖ፣ ስካግዌይ፣ ግላሲየር ቤይ፣ መጨረሻ ላይ ዊቲየር፤ እንደተባለው ሆኗል። የተበላነው የብስ ላይ ነው።

ወረቀቱ «2 ሌሊት ዴናሊ» ይላል። ከዊቲየር ቀኑን ሙሉ ተጉዘን ሎጁ ደረስን፤ የክፍል ቁልፍ እንደተቀበልን በቀጥታ ጉብኝት ወደሚያዝበት ጠረጴዛ ሄድን። ጥያቄያችን አንድ ነበር፤ ነገ ወደ ፓርኩ የሚገባው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ይነሳል? ልጅቷ ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ ሳትል «የትኛው ፓርክ?» አለች። ዴናሊ ነዋ! ያኔ ካርታ ገነጠለች፤ በእስክሪብቶ ከታች አንድ ክብ፣ ከላይ አንድ ክብ አድርጋ በመስመር አገናኘቻቸው። «እናንተ እዚህ ናችሁ። የፓርኩ መግቢያ እዚያ ነው። በመኪና ከ2 ሰዓት በላይ ይወስዳል።» ወረቀታችንን ዘረጋንላት። አነበበችው፤ መልሳ ገፋችልንና «ይሄም ዴናሊ አካባቢ ነው» አለች። ሌላ ሳንጠይቃት ዓይኗን ከኋላችን ወደቆመው ሰው አሻግራ «ቀጣይ» ብላ ተጣራች። ያቺ «ቀጣይ» አሁንም ጆሮዬ ላይ አለች።

ወኪሉ በሦስተኛው ጥሪ አነሳ። «ወንድሜ፣ ዴናሊ ያው ዴናሊ ነው። ተራራው ከዚያም ይታያል አይደል?» ብሎ ዘጋው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትራፐር ክሪክና ታልኪትና በሚባሉት ቦታዎች አካባቢ ያሉ ሎጆች ከብሔራዊ ፓርኩ መግቢያ በስተደቡብ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። እዚያው አጠገብ ዴናሊ ስቴት ፓርክ የሚባል የአላስካ ግዛት ፓርክ ስላለ «ዴናሊ» የሚለውን ስም መለጠፍ ሻጩን ውሸታም አያሰኘውም። ላሊበላ አሳድራችኋለሁ ብሎ ወልዲያ እንደማሳደር ማለት ነው። ለነገሩ ተራራውን ለማየት ደቡቡ ይሻላል፤ ከፓርኩ መግቢያ ጭራሽ አይታይም፤ በፓርኩ መንገድ 9 ማይል ያህል መግባት ያስፈልጋል። ደመናው ግን ስለማይለቅ ከሦስት ጎብኚ አንዱ ቢያየው ነው። ድቡ፣ ካሪቡው፣ ነጩ የዳል በግ የሚፈለገው በፓርኩ መንገድ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጀምረው ከሰሜኑ መግቢያ ብቻ ነው።

ስለዚህ «2 ሌሊት» ከተባለው አንዱ መንገድ ላይ አለቀ። በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ መግቢያው ስንደርስ እኩለ ቀን ነበር። የተካተተልን ጉብኝት ናቹራል ሂስትሪ የሚሉት አጭሩ ሆኖ ተገኘ። ረጅሙ፣ ታንድራ ዊልደርነስ የተባለው፣ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጀውና እስከ 43ኛው ማይል የሚዘልቀው፣ ቦታው ሁሉ ተይዟል። ጥቅሉ ሲገዛ ልዩነቱን ከፍሎ መቀየር ይቻል ነበር። ማንም አልነገረን።

ፎቶውም ሌላ ጉድ ነው። ማስታወቂያው ላይ ተራራው ውሃ ውስጥ ተገልብጦ የሚታይበት ሐይቅ ወንደር ሌክ ይባላል፤ የሚገኘው 85ኛው ማይል ላይ ነው። የፓርኩ መንገድ 92 ማይል ቢሆንም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 ፕሪቲ ሮክስ የተባለው ቦታ ላይ ከሥሩ በረዶ ሆኖ የኖረው መሬት እየሟሟ መንገዱን ይዞት ተንሸራተተ፤ አውቶቡሶቹም ከዚያ ወዲህ 43ኛው ማይል ላይ መመለስ ጀመሩ። የራሴን መኪና ይዤ እገባለሁ ብትሉም የሚፈቀደው የመጀመሪያዎቹ 15 ማይሎች ብቻ ነው። ሻጩ አውቶቡስ የማይደርስበትን ሐይቅ እያሳየ ገንዘብ ይሰበስባል!

የኛም ጥፋት አለበት፤ አልክደውም። የሎጁን አድራሻ ካርታ ላይ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። የወራት ደመወዝ የሚወጣበትን ነገር «ዴናሊ» የሚል ቃል ስላየን ብቻ ፈረምን። ለመርከቡ ካቢን ስንት ቀን ስንከራከር ከርመን፣ ስለ ሆቴሉ አንድ ጥያቄ አልጠየቅንም። ይህ ያንገበግበኛል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሌሊት ሆቴል ስምና አድራሻ በጽሑፍ ተቀበሉ። የፓርኩ ጉብኝት የትኛው እንደሆነና ስንተኛው ማይል ላይ እንደሚመለስ አስጽፉ። መግቢያው ላይ 2 ሌሊት ካልሆነ አትግዙ፤ ከአንኮሬጅ የሚመጣው ባቡር ከሰዓት በኋላ 3:40 ገደማ (በአገር ቤት አቆጣጠር 9:40) ይደርሳል፣ ወደ አንኮሬጅ የሚመለሰው በማግስቱ ቀን 12:30 ገደማ (በአገር ቤት 6:30) ነው፤ «1 ሌሊት» ማለት እንቅልፉን ጨምሮ 21 ሰዓት እንኳ አይሞላም። የረጅሙ ጉብኝት ቦታ ካለቀ ኢስት ፎርክ የሚባለውን ተራ የፓርክ አውቶቡስ ያዙ፤ አስረጂ የለውም እንጂ እዚያው 43ኛው ማይል ይደርሳል፣ ዋጋውም በብዙ ይቀንሳል።

ስለ ካናዳዋ ቫንኩቨርም ልብ በሉ። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ አሳፍሮ ሌላው ላይ እንዳያራግፍ ስለሚከለክል የአንድ አቅጣጫው ጉዞ የሚነሳው ወይም የሚያበቃው እዚያ ነው። «ግሪን ካርድ ይበቃል» የሚላችሁን አትስሙ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 26፣ 2022 ጀምሮ ካናዳ ከግሪን ካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርትም ትጠይቃለች። ከአገር ቤት የመጡ ወላጆች በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የሚጓዙ ከሆነ የካናዳ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ ያንን ሳትጨርሱ ቀብድ አትክፈሉ።