ላፕቶፕ ልትገዙ ነው? ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ሲፋጠጡ

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ስለ ራምና ስለ ስቶሬጅ ያወራል። ኮምፒውተሩን ስለሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ግን ትንፍሽ አይልም። ቤት ስትገቡ የምትጨቃጨቁት ግን ከእሱ ጋር ነው።

ከዊንዶውስ እንጀምር። የሂሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁ ክርክሩ እዚሁ ያልቃል፤ የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። ቢበላሽም የሚነካካው ሰው ሞልቷል። ሰፈር ውስጥ «ፎርማት ላድርግልህ» የማይል ወጣት የለም። ቻርጀሩ ቢቃጠል እንኳ መፍትሔው ፎርማት ነው።

ጠባዩ ግን አይጣል ነው። ሥራ የሚበዛበትን ሰዓት ጠብቆ አፕዴት ይጀምራል። «ኮምፒውተሩን አያጥፉ» ይላል፣ 30 ፐርሰንት ላይ ይገተራል፣ መብራትም ያን ጊዜ ይሄዳል። ባትሪው የደከመ ከሆነ የቀረውን ለፈጣሪ መተው ነው። ከስልክ ሆትስፖት ከከፈታችሁለት ፓኬጁን ጥርግ አድርጎ ይበላል። ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ሜተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብሩት፣ ትንሽ አደብ ይገዛል።

ያገለገለ ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ መራጭ ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች አይቀበልም። የፕሮሰሰሩን ስም አንብቡ። አይ5 ብሎ ከሰረዙ ቀጥሎ 7200 ካለ ሰባተኛ ነው፣ ተውት። 8250 ካለ ያልፋል። ሻጩ «ጭነንበታል፣ ይሠራል» ሊላችሁ ይችላል። በጓሮ በር አስገብተውት ነው።

ማክ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አስተናጋጁ ራሱ ቀና ይላል። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው ባለ ኤም1 ቺፕ ማክቡክ ኤር ማራገቢያ የለውም፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ባትሪውም ይቆያል። መብራት ሲሄድ የዊንዶውሱ ሰው ሶኬት ፍለጋ ይሯሯጣል፤ የማኩ ሰው መጥፋቱንም አላወቀ። ግን ማክ መያዝ ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት የምትከለክል አከራይ ቤት እንደ መኖር ነው። ራም ልጨምር ብትሉ አይቻልም፣ ስትገዙ የያዘው እስከ መጨረሻው ነው። ጓደኛችሁ በዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ያደረገውን ፍላሽ ብትሰኩ ያለውን ያነብላችኋል፤ አንድ ፋይል ጨምሩበት ስትሉት እምቢ። ለዚህ ተጨማሪ ሶፍትዌር ያስፈልጋል።

ከውጭ የመጣ ማክ ሲቀርብላችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የቀድሞው ባለቤት ከአይክላውድ አካውንቱ መውጣቱን አረጋግጡ። ካልወጣ ሊቆለፍባችሁ ይችላል፤ የገዛችሁት የሚያምር ትሪ ነው። ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውን ማክም እለፉት፤ አፕል ለኢንቴል የሚሠራው የመጨረሻው የማክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥሪት ታሆ እንደሆነ ተናግሯል።

ሊኑክስ ነፃ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ ሳለ ነው የጀመረው። አንድ የሊኑክስ ተጠቃሚ ካገኛችሁ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል፤ ከዚያ «ተርሚናል ክፈት» ይላል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው)፣ ቡናው ይቀዘቅዛል። ግን እውነቱን ነው። ፎልደሮቻችሁን ሁሉ ሾርትከት ያደረገባችሁን ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ብትሰኩት ቫይረሱ የደበቃቸው ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ፎቶሾፕና አውቶካድ ለሊኑክስ አልተሠሩም። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን የዎርድ ምትክ በሆነው በነፃው ሊብሬኦፊስ ጽፋችሁ አማካሪያችሁ በዎርድ ሲከፍተው ሰንጠረዡ ገጽ ሊቀይር ይችላል።

የጉግል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለው ክሮምቡክስ? በጣም ረክሶ ካያችሁት እሱ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት ሲቆም እሱም አብሮ ያዛጋል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለሥራ የሚሆን ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ፣ 8 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ ያለው ዊንዶውስ ግዙ። ቤት ያለውን አሮጌውን አትጣሉት፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ሊኑክስ ሚንትን ሞክሩበት። ሳትጭኑት ከፍላሽ ላይ ይነሳል። ዋይፋዩና ፕሪንተሩ ከሠሩ ጫኑት። ካልሠሩ ፍላሹን ነቅሎ ምንም እንዳልተፈጠረ መሆን ነው።