ደሴን ለልጆቻችን ላሰማልን ሹፌር

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ከኛ ብትርቅ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ግን የምወጣው ለጉዳይ ብቻ ነው። ጉዳዬን እጨርስና በመጣሁበት ሐረጎን ቁልቁል እመለሳለሁ። ባለፈው ሰሞን እህቴ ሦስት ልጆቿን ይዛ ከአዳማ መጣች። ልጆቹ «አያታችን ያደገችበትን ከተማ አሳየን» ሲሉኝ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

ሚኒባስ በኮንትራት ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ ያነጋገርኩት ሹፌር አሮጊትና ሕፃናት እንዳሉ ሲሰማ «እኔ መቆም መነሳት አልችልም» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ጎረቤቴ የአንድ ልጅ ቁጥር ሰጠችኝ። ይህን የምጽፈው ለሱ ነው። ስሙን እንዳልጠራ ስለለመነኝ አልጠራውም።

ስደውልለት ስለ ዋጋ ከማውራቱ በፊት ጠየቀኝ። ልጆቹ ስንት ስንት ዓመታቸው ነው? እናትዎ ደረጃ ይወጣሉ? መኪና የሚያመው አለ? ቀጥሎ «ሹራብ ያዙ» አለኝ። እውነቱን ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ። አንዱ ከተማ ላብ፣ ሌላው ከተማ ብርድ። እኔ ግን እናቴን በነጠላ ይዣት ወጣሁ። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። ገና ከመኪና ስትወርድ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሹፌሩ ምንም ሳይል ከወንበሩ ኋላ ጋቢውን አውጥቶ አለበሳት። ቀኑን ሙሉ እሷው ላይ ዋለ።

ሐረጎ ላይ የአምስት ዓመቱ ልጅ ጠመዝማዛው መንገድ አዞረው። ሹፌራችን ወዲያው ጥግ ይዞ ቆመ። ሎሚ ቆርጦ አሸተተው። «አብሽር ጀግናው፣ ጨረስነው እኮ» አለው። አስር ደቂቃ ንፋስ ወሰድን። ሰዓቱንም አላየም፣ ፊቱንም አላጠቆረም።

ከተማ ስንገባ ጨዋታውን ጀመረ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ ታየ፤ እሳቸውም ቦታውን «ደሴ» አሉት፤ ደስታዬ ማለታቸው ነው ይባላል። እንዲህ ብሎ ሲነግራቸው ልጆቹ በጠራራ ፀሐይ ሰማይ ሰማዩን ያዩ ጀመር።

አይጠየፍ አዳራሽ በር ላይ ስንደርስ ደግሞ ታሪክ ከማውራት ይልቅ ጥያቄ ሰጣቸው። «ስሙ አይጠየፍ ነው። ማንን ነው የማይጠየፈው?» ትልቋ ልጅ «ድሀውን?» አለች። «አዎ፤ ንጉሥ ሚካኤል ግብር የሚያበሉበት ነው። ትልቅ ትንሽ፣ ሀብታም ድሀ ሳይባል ይበላ ነበር ይባላል» አላት። ንጉሡ ቀድሞ ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ እንደነበር፣ በ1906 ዓ.ም. የንግሥና ዘውድ እንደጫኑ፣ የልጅ ኢያሱም አባት እንደሆኑ ያወራው ጥቂት በጥቂት፣ ልጆቹ ሲጠይቁት ብቻ ነው። የደሴ ሙዚየም ደግሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መዘረፉንም አልደበቃቸውም። መካከለኛው ልጅ «ዕቃዎቹ ይመለሳሉ?» ሲለው «የተረፈውን እናንተ ትጠብቃላችሁ» ብሎ መለሰለት። ውሸት አልነገረውም። ይህን ወደድኩለት።

እናቴ መድኃኔዓለምን ካልተሳለምኩ አለች። እሱ ሙስሊም ነው። ጃንጥላዋን ይዞ፣ ክንዷን ደግፎ እስከ በሩ አደረሳት። ስትጨርስም ከበሩ ተቀበላት።

አሁን ዋናው ነገር። ወሎ መጥቶ ዘፈን ሳይሰሙ መሄድ አይሆንም። አዝማሪ ቤት ደግሞ የማታ ነው፤ መጠጥ አለበት፤ ለልጅ አይሆንም። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሱ ግን ቀድሞ አስቦበታል። ምሳ የበላንበት ቤት ጓሮ ቀን ላይ አንድ የሚያውቃቸውን አባት ከነማሲንቋቸው ጠርቷል። ቡና ተፈላ። ፈንድሻ ተበተነ። አባባ ልጆቹን ክብ አስቀመጧቸው። ማሲንቋውን አስነኳቸው። ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት ክር፣ በቃ። «በአንድ ክር?» አለ ትንሹ።

ከዚያ አራቱን ቅኝቶች አንድ በአንድ አሰሟቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ሹፌራችን ከጎን ሆኖ እጁን ዘረጋ። «አንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው ያለው፤ እንደ ጣታችሁ» አለ። ልጆቹ ጣታቸውን እየቆጠሩ ማዜም ጀመሩ። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ፣ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር የሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ መሆኗን ነገራቸው። አምባሰል ደግሞ ከሐይቅ ወደ ሰሜን ያለ አገር ነው። ለካ ዘፈኖቹ አድራሻ አላቸው! እዚሁ ኖሬ ለልጅ እንዲህ አስረድቼ አላውቅም።

አምባሰል ሲመጣ እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። ጋቢውን ወደ ፊቷ ሳበችው። ሸዋ በር፣ የልጅነት ሰፈሯ፣ አባቷ ማታ ማታ ያንጎራጉሩት የነበረው ይኸው ነው። ስለ አባቷ ስታወራ ከሰማኋት ዓመታት አልፈዋል። ያን ቀን ግን ለልጆቹ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችላቸው። ሹፌራችንም መኪናውን አዙሮ ሸዋ በርን ሳናይ አልመለሰንም። ይህ ከተስማማንበት ውጪ ነበር። አንድ ብር አልጨመረብንም።

በማግስቱ ሐይቅ ወሰደን። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት እንደማይገባ ከመነሳታችን በፊት ስለነገረን ማንም ቅር አላለውም። ሴቶቹ ከውሃው ዳር ቀሩ፤ እኔና ወንዶቹ ልጆች በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበትን ደብር አይተን ተመለስን። ዓሣ በላን። የትንሹን አጥንት የለቀመለትም እሱው ነው።

ቤተሰብ ይዛችሁ ወደ ደሴ የምትመጡ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ደውሉለት። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት አይሠራም፤ ቀጠሮ ስታሲዙ አስቡበት። ባቲን ማየት የምትፈልጉ ሰኞን ምረጡ። የአዛውንትና የሕፃን ነገር ካለ አትሸማቀቁ፤ ሁሉንም ንገሩት። ማሲንቆም ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ የአባባ ለብቻው ይከፈላል፤ ይገባቸዋልም።

ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልን። ጋቢህን እናቴ አጥባ፣ አጣጥፋ አስቀምጣልሃለች። «ራሱ መጥቶ ቡና ጠጥቶ ይውሰድ እንጂ በሰው አልልክም» ብላለች።