ቲቪ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ልጅ ጥሩት

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የሰው ጽሑፍ አንብቤ የማልፍ እንጂ ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ግን አንድ ቲቪ የሚሰቅል ልጅ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ነገሩ ቴሌቪዥን ነው። ለቴሌቪዥን ይሄ ሁሉ ወሬ ምንድነው ትሉ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የምለው፣ ቤቴ እስኪታመስ ድረስ።

የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ሳሎናችን ጠባብ ነች። የነበረን ቲቪ 32 ኢንች ሲሆን እማዬ ዜና ስታይ ከስር የሚያልፈውን ጽሑፍ "ምን ይላል?" እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ቆይታ መጠየቁን ተወችው። እኔ ሞኟ ጉዳዩ ስላልሳባት መስሎኝ!

እንግዲህ ትልቅ ልግዛላት ብዬ ሱቅ ሄድኩ። የሱቁን ስም አልጠራም፣ ይቅር። ሻጩ "በጀትሽ ስንት ነው?" አለኝ እንጂ ክፍልሽ ምን ያህላል፣ ከስንት ሜትር ላይ ሆናችሁ ነው የምታዩት አላለኝም። "እህት፣ ቲቪ ሲተልቅ ነው የሚያምረው፣ ትንሽ ገዝቶ ያልተቆጨ የለም" አለኝ። አዳራሽ በሚያክል ሱቅ ውስጥ፣ ከሱ የባሱ ግዙፎች መሃል ቆሞ ሳየው፣ 75 ኢንቹ ልከኛ ሆኖ ታየኝ። ገዛሁት። ጉዱ የታየው ቤት ሲገባ ነው።

ወርዱ ብቻ 1 ሜትር ከ66 ነው። የኛ ጠረጴዛ 1 ሜትር ከ20። እግሮቹ ዳርና ዳር ስለሆኑ አንደኛው ሲያርፍ ሌላኛው አየር ላይ ይቀራል። ሱቁ ጋ ደወልኩ። "ከካርቶን ከወጣ አንመልስም" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሲሸጥልኝ እንደዚያ ያለሰለሰው ሰውዬ!

ቀጥሎ "ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ" የሚል ሰው መጣ። ቲቪው የሚሰቀልበት ግድግዳ በአንድ በኩል በር፣ በሌላው በኩል ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ መደርደሪያ አለው፤ መሃሉ 1 ሜትር ከ40 ብቻ ነው። ስለዚህ ምን አደረገ? ከመደርደሪያው አናት በላይ ሰቀለው። "ከፍ ሲል ግርማ ሞገስ አለው" አለኝ። ስምንት ቦታ በስቶ አራቱን ብቻ ተጠቀመበት፣ አቧራውን እንኳ ሳይጠርግ ሂሳቡን ተቀብሎ ወጣ። ግርማ ሞገሱ ለማን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። እማዬ አገጯን ወደ ላይ ሰቅላ ነው የምታየው። በሳምንቱ አንገቴን አለች። በሁለተኛው ሳምንት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እንደ ሬዲዮ ታዳምጠው ጀመር። እኔም ብሆን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ዓይኔን ሳንከራትት ራሴን እያመመኝ አጠፋዋለሁ።

"ታዲያ ወንበሩን ወደ ኋላ አትገፉትም?" ያላለን ሰው የለም። ያ ወንበር የአባቴ ነበር። አባቴ ካረፈ ጀምሮ እማዬ እሱ ላይ ነው የምትቀመጠው፣ እሱ ባኖረበት ቦታ፣ ንቅንቅ አይልም። ይሄን ለማያውቁት ሰው እንዴት ያስረዱታል? ሰቃዩማ "አሮጌ ወንበር ነው፣ ጣሉት" ብሎ ነበር። እማዬ ምንም አልመለሰችለትም፤ ተነሥታ መኝታ ቤት ገባች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ጓደኛዬ የዚህን ልጅ ስልክ የሰጠችኝ። የደወልኩለት ቲቪውን ዝቅ እንዲያደርግልኝ ብቻ ነበር። መጣ፣ ቦርሳውን አስቀመጠ፣ አልከፈተውም። "እዚህ ቤት ቲቪ አብዝቶ የሚያየው ማነው?" አለኝ። እናቴ ናት አልኩት። ዞር አለና "እማማ፣ ካልከፋዎት ቦታዎ ላይ አንዴ ልቀመጥ?" አላት።

ልብ በሉ፣ አስፈቀዳት። እማዬ ተነሣችለት። ተቀምጦ ቲቪውን ቀና ብሎ ሲያየው ቆየና አንገቱን እያሸ "እማማ፣ ይሄን እስካሁን ችለውታል?" ሲላት ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ከዚያ ሜትሩን አወጣ። ከሷ ዓይን እስከ ግድግዳው 2 ሜትር ከ30። ኢንች ማለት ወርዱ ሳይሆን ከላይኛው ጥግ እስከ ተቃራኒው የታችኛው ጥግ በሰያፍ የሚለካው እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ያውም የመስታወቱ ብቻ፣ ጠርዙ አይቆጠርም። "እህቴ፣ የኢንቹን ቁጥር በ4 አባዢው፣ የሚመች ርቀት በሴንቲ ሜትር ይመጣልሻል" አለኝ። 75 ሲባዛ 3 ሜትር። 55 ሲባዛ 2 ሜትር ከ20። ይኸው ነው! ይቺን አንዲት ስሌት የሚነግረኝ አጥቼ ነው ያ ሁሉ መከራ። መብራት አጥፍቶ ሲኒማ ቤት እንደገባ ሆኖ ፊልም ማየት የሚወድ በ3 ቢያባዛም ይስማማዋል፣ ዜናና ወሬ ለሚያይ ግን 4 ይሻላል አለኝ። ስለ ምስሉ ጥራት፣ ስለ ፒክስልና ስለ 4ኬም አስረድቶኛል፣ እውነቱን ለመናገር በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል።

አሁን የምነግራችሁን ግን መቼም አልረሳውም። የ75ቱ ካርቶን ኮሪደር ላይ ተጋድሞ ነበር። ጠየቀኝና ከሱ ላይ ሁለት ቆረጠ፤ አንዱን በ43 ኢንች ልክ፣ ወርዱ 95 ሴንቲ ሜትር፣ አንዱን በ55 ልክ፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ22። ቲቪውን አወረደው። እማዬን ወንበሯ ላይ አስቀምጦ "ዝም ብለው ፊት ለፊት ይዩ" አላትና ዓይኗ ያረፈበትን ቦታ በጣቴ እንድይዝለት አደረገ፤ ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የካርቶኑን መሃል እዚያ ላይ አድርጎ በፕላስተር ለጠፈው። መጀመሪያ ትንሹን። ከስሩ በማርከር አንድ መስመር ጻፈበት፣ ዜና ላይ የሚያልፈውን ያህል አሳንሶ።

"እማማ፣ ይታይዎታል?"

"አዎ ልጄ።"

"ምን ይላል?"

ዝም።

አልሳቀም፣ አልደገመም። ነቅሎ ትልቁን ለጠፈ፣ ጽሑፉንም ካርቶኑ በተለቀበት ልክ አተለቀው። እማዬ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች፣ ከዚያ ድንገት "እግዚአብሔር ይመስገን! አንተስ እንዴት አደርክ ልጄ?" አለች።

ዞሬ ሳይ "እማማ፣ እንዴት አደሩ?" ብሎ ነው የጻፈው።

ወጥ ቤት ገባሁ። ለምን እንደገባሁ ይገባችኋል። ያን ሁሉ ጊዜ ማንበብ አቅቷት ሳትነግረኝ መቅረቷን፣ እኔም አብሬያት እየኖርኩ አለማወቄን፣ አንድ የማላውቀው ልጅ በካርቶን አሳየኝ። ሲወጣም ለብቻዬ ጠራኝና "ቲቪው ይስተካከላል፣ ዓይናቸውን ግን አሳይያቸው" አለኝ። ወሰድኳት። አሁን መነጽር አድርጋለች።

ደግሞ ዛሬውኑ ግዢ አላለኝም። "ይሄ ካርቶን ነው፣ ሁለት ቀን እዩት፣ ማታም ቀንም እዩት" ብሎኝ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት የመስኮቱ ፀሐይ የካርቶኑ ቀኝ ጥግ ላይ እንደሚያርፍ አየሁና ነገርኩት፤ ሲሰቅለው ወደ ግራ ትንሽ አሸሸው። ቲቪ አይሸጥም፣ ከዚህ ድርጅት ግዢ ብሎም አልላከኝም። በ55 ኢንች የወደድኩትን መርጬ ገዛሁ። ሰቀለው፣ ጠረገው፣ የድሮዎቹን ቀዳዳዎችም ደፈነልኝ፣ ያልበሳቸውን!

75ቱን የአክስቴ ልጅ ወሰደው፣ ትንሽ ከስሬበታለሁ። የነሱ ሶፋ ከግድግዳው ከ3 ሜትር በላይ ይርቃል፤ እዚያም ይሄው ልጅ ነው የሰቀለው፣ ሄጄ ሳየው እንዴት እንዳማረበት! ለካ ጥፋቱ የቲቪው አልነበረም።

ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብክ እናቴ በየቀኑ ትመርቅሃለች። እጅህ ይባረክ። ሌሎቻችሁ ደግሞ እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ገዝታችሁ ሳይሆን ከመግዛታችሁ በፊት ጥሩት። ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ለምኖኛል፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ቅዳሜ ሥራ ስለሚበዛበት ስልክ ላያነሣ ይችላል፣ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ካነሣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ማን የት እንደሚቀመጥና ከዚያ እስከ ግድግዳው ስንት እንደሆነ ነው፤ ለክታችሁ ደውሉ።

ካርቶኗ አሁንም ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ቆማለች። ልጥላት ብል እማዬ "ሰላም ያለኝን ሰው?" ብላ ከለከለችኝ።