ፕሪኮን፣ ቡስተር ወይስ ነጠላ ካርድ? የኮማንደር ዴክ ለሚገዛ ሰው

ኮንከር ስትጫወቱ ካርታው የጋራ ነው። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለው የካርድ ጨዋታ ግን እንደዚያ አይደለም። ሁሉም ሰው የራሱን የካርድ ስብስብ፣ ዴኩን፣ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። የኪስ ጣጣም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የማወራው ኮማንደር ስለሚባለው የጨዋታው ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ አራት ሰው ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ በ40 ነፍስ ይጀምራል። ዴኩ 100 ካርድ ነው። አንዱ መሪ ሆኖ ለብቻው ይቀመጣል፤ እሱን እንደፈለጋችሁ ታገኙታላችሁ። የቀሩት 99 ይበወዛሉ። ከተራዎቹ የመሬት ካርዶች፣ ማለትም ለሌሎቹ ካርዶች መክፈያ የሚሆነውን ማና ከሚሰጡት ላንዶች፣ በስተቀር ማንኛውም ካርድ አንድ ብቻ ነው የሚገባው።

ይህች «አንድ ብቻ» የምትል ሕግ የገዢውን ሒሳብ ትገለብጣለች። ሁለት ሰው በሚጫወተው ባለ60 ካርድ ዴክ የምትወዱትን ካርድ አራት ማስገባት ይቻላል። መጀመሪያ ከምታነሷቸው ሰባት ካርዶች መካከል የመገኘት ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ ነው። በኮማንደር 7 በመቶ ነው። ስምንተኛ ተራችሁ ላይ ብትደርሱ እንኳ፣ ተጨማሪ ካርድ ካልሳባችሁ፣ ያያችሁት 15 ካርድ ነው። 60 ዶላር ያወጣችሁበትን ካርድ ከሰባት ጨዋታ በስድስቱ ገደማ ሳታዩት ወደ ቤት ትገባላችሁ። ስለዚህ እኔ ካርድ ከመግዛቴ በፊት ስንት ጊዜ እንደማየው አሰላለሁ።

በዚህ ዓይን ቡስተር ወዲያው ይወድቃል። አንዱ እሽግ 14 ካርድ ይዞ 5 ዶላር ገደማ ነው፤ ምን እንዳለበት ሳትቀድዱት አታውቁም። እኔ ስጀምር አሥር ቀድጄ ለዴኬ የሆነችኝ አንዲት ካርድ ነበረች። ለብቻዋ በ75 ሳንቲም ትሸጥ ነበር። መቅደዱ ግን ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ለልደት ስጦታ ይሁን።

ክርክሩ ያለው በፕሪኮንና በነጠላ ካርድ መካከል ነው። ፕሪኮን ፋብሪካው አዘጋጅቶ የሚሸጠው ሙሉ ዴክ ነው። ከ2011 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ይወጣል፤ ዋጋው 45 ዶላር አካባቢ ነው። ማለትም አንዱ ካርድ 45 ሳንቲም ላይ ይወድቃል። ሁሉም ሰው የሚፈልገው ማና ሰጪ ካርድ፣ ሶል ሪንግ፣ ብዙውን ጊዜ ውስጡ አለ። ከሳጥኑ አውጥታችሁ በዚያው ማታ ትጫወቱበታላችሁ።

ድክመቱን ለማየት ባለ ሦስት ቀለም ፕሪኮን (ካርዱም ማናውም በቀለም ይለያያል) ገዝታችሁ ላንዶቹን ብቻ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። «ታፕ ሆኖ ይገባል» የሚል የተጻፈባቸውን ወደ አንድ ጎን ሰብስቡ። ክምሩ ያስገርማችኋል። እንዲህ ያለ ላንድ በዚህ ተራ አስቀምጣችሁት በሚቀጥለው ተራ ነው የሚሠራው። ሌላው ሰው በሁለተኛ ተራው ሥራ ሲጀምር እናንተ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። ሌላም አለ፦ ፕሪኮን ብዙ ጊዜ ሁለት ሐሳብ ይዞ አንዱንም አይጨርስም። ግማሹ መቃብር በሚባለው ያገለገሉ ካርዶች ክምር ላይ ይሠራል፣ ግማሹ ሌላ ነገር ያወራል።

ነጠላ ካርድ የሚያስፈልገው ይህን ለማከም ነው። እኔ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ካርድ አውጥቼ በርካሽ እተካለሁ። አረንጓዴ ያለበት ዴክ ከሆነ ኔቸርስ ሎር በሁለት ማና የጫካ ላንድ ፈልጎ ለሥራ ዝግጁ አድርጎ ያስቀምጣል። ነጭ ካለበት ስዎርድስ ቱ ፕላውሼርስ በአንድ ማና የፈለጋችሁትን ፍጡር ያስወግዳል። ላንድ 37 ይሁን። አንዳንዱ ወደ 33 ያወርደዋል፤ ከዚያ ሁለት ላንድ ይዞ ሲያለቅስ ታዩታላችሁ።

አራት ሰው መቀመጡን ደግሞ አትርሱ። ካውንተርስፔል አንድ ሰው የተጫወተውን ካርድ፣ አስማቱን፣ ያከሽፋል። እናንተም እሱም አንድ አንድ ካርድ አጣችሁ፣ የቀሩት ሁለቱ በነፃ አተረፉ። ሪስቲክ ስተዲ ግን ከሦስቱ ተጋጣሚዎች ማንኛውም አስማት በተጠቀመ ቁጥር አንድ ማና ካልከፈለ ለእናንተ ካርድ ያስስባችኋል። በ2000 ሲወጣ ተራ ካርድ ነበር። ዛሬ ውድ ነው፤ ያስወደደው የተቀማጩ ብዛት ነው። ውድ ካርድ ልግዛ ካላችሁ ከሦስቱም የሚሰበስብ ይሁን።

የት ይገዛ? ቲሲጂፕሌየር በተባለው የገበያ ድረ ገጽ ብዙ ሻጭ ስላለ ካርዱ ይረክሳል፣ ግን መላኪያው በየሻጩ ሊደመር ይችላል፤ ጠቅላላውን ሳታዩ አትክፈሉ። ካርድ ኪንግደም ትንሽ ይወደዳል፤ ሁሉም በአንድ ፖስታ ይመጣል። አውሮፓ ያላችሁ ካርድማርኬት አለላችሁ። ትንሽ የተፋተገ ካርድ ምረጡ፤ መሸፈኛ ፕላስቲኩ ውስጥ ከገባ ልዩነቱ አይታይም።

እስካሁን ያልኩት ለመደበኛው ጠረጴዛ ነው። ከ2025 ጀምሮ የዴኮች ጥንካሬ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ወጥቶለታል፤ ፕሪኮን 2 አካባቢ ነው። 5ኛው ለማሸነፍ ብቻ የሚቀመጡት ነው፣ ሌላ ዓለም። እዚያ የእኔ ሒሳብ ይፈርሳል፣ ምክንያቱም እንደ ዲሞኒክ ቱተር ያሉ ፈላጊ ካርዶች ከ99ኙ የፈለጉትን መዝዘው ያመጣሉ። ታሳስ ኦራክልና ዲሞኒክ ኮንሰልቴሽን የተባሉት ሁለት ካርዶች አንድ ላይ ከተገኙ በሦስት ማና ጨዋታው አለቀ። በዚያ ደረጃ ገንዘብ የሚበላው ፍጥነት ነው። ጌያስ ክሬድል የተባለው ላንድ እጅግ ውድ ነው፤ የጨዋታው አሳታሚ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ድጋሚ አናትማቸውም ካላቸው ካርዶች አንዱ ነውና።

ለዚህ ደረጃ ምክሬ ፕሮክሲ ነው፤ ሥዕሉን አትማችሁ ፕላስቲክ ውስጥ ከተራ ካርድ ፊት ማስገባት። በይፋዊ ውድድር አይፈቀድም፤ ጠንካራ ተጫዋቾች የሚገናኙባቸው ብዙ ጠረጴዛዎች ግን ይቀበሉታል። ቀድማችሁ ጠይቁ። ኦሪጅናል ይሻለኛል ለምትሉ፦ መስከረም 2024 ማና ክሪፕትና ጁወልድ ሎተስ የተባሉት ካርዶች በኮማንደር ታገዱ። ማና ክሪፕት እስከዚያ ቀን ከ100 ዶላር በላይ ነበር።

100 ዶላር ቢኖረኝ? 45 ለፕሪኮን፣ 10 ለፕላስቲክ፣ 25 ለነጠላ ካርድ። ቀሪውን አሥር ጨዋታ እስክጫወት አልነካውም። አዲስ አበባ ሆኖ ጓደኞቹ ውጭ ላሉበት ደግሞ የታተመ ዴክና ካሜራ ይበቃል፤ ስፔልቴብል የተባለው ድረ ገጽ በነፃ ያገናኛል። ሰዓቱን ብቻ ተነጋገሩ፦ ዋሽንግተን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው።