ዙም ኤች1ኤን ለተማሪ ፊልም፦ ጫጫታና ጸጥታን ይለያል?

የታሪኩ ግማሽ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ፣ ግማሹ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆነ፣ ሁለቱን ቦታዎች ከምስሉ ይልቅ የሚያራርቃቸው ድምፁ ነው። ዙም ኤች1ኤን የተባለው ትንሽ የድምፅ መቅጃ ለዚህ ይበቃል፤ «አውቶ ሌቭል» የምትለዋ ቁልፍ ግን መጥፋት አለባት። ከበራች ወያላው ሲጮኽ ድምፁን ትቀንሳለች፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ትጨምራለች። ኤዲቲንግ ላይ ሁለቱም ትዕይንት እኩል ይጮኻል። ጌይኑን (መቅጃው ድምፁን የሚያጎላበትን መጠን) በመዘውሩ አስተካክሉ፤ የንግግሩ ከፍታ ከ-12 ዴሲቤል ብዙ አይለፍ። ፎርማቱ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን። በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ስለሚይዝ 32 ጊጋ ካርድ ተርፎ ይተርፋል።

ድክመቱ የሚጋለጠው ጸጥታው ላይ ነው። ጌይኑ ከፍ ሲል የመሣሪያው የራሱ ሽሽታ ይሰማል፤ ጸጥ ያለ ክፍል ደግሞ ጌይን ያስጨምራል። መድኃኒቱ ማስጠጋት ነው፦ ቡናው ከጀበናው ሲቀዳ ከሲኒው 20 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ፣ ከፍሬም ውጭ አስቀምጡትና ጌይኑን ዝቅ አድርጉ። ፍሪጁን ንቀሉ። ሰው ሳይናገር ክፍሉን ብቻ 1 ደቂቃ ቅረጹ፤ ኤዲቲንግ ላይ ክፍተቱን የሚሞላው እሱ ነው፣ ያለሱ በየንግግሩ መሃል ድምፁ ድርግም ይላል። እሁድ ጠዋት ግንባታ የለም ብላችሁ አትተማመኑ፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አለ።

ውጭ ሲሆን ስፖንጁ ንፋሱን አይችለውም፤ ጸጉራም መከላከያ ለብቻው ግዙ። አካሉ ፕላስቲክ ስለሆነ የጣት ንክኪ ሁሉ ይቀረጻል፣ ትራይፖድ ላይ ይታሰር። ወፍራም ጉምጉምታን የሚቆርጠው «ሎ ከት» ለንግግር ጥሩ ነው፤ ለታክሲ ተራው ግን አጥፉት፣ የሞተሩ ጉምጉምታ የሚፈለገው እዚያ ነው።

ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተሩ 1/50 ይሁን፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ በ1/60 ፍሎረሰንቱ ምስሉን ሊያርገበግበው ይችላል። ተራውን በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በእጅ ይዛችሁ፣ 2 ሰከንድ በማይሞሉ ሾቶች ቅረጹ። ቤቱን በትራይፖድ፣ በ24 ሚሊሜትር፣ 15 ሰከንድ ሳትነኩት ተዉት።

መቁረጡ ላይ ወያላው «ቃሊቲ! ቃሊ—» እያለ ይቋረጥ፤ ቀጥታ ወደ ክፍሉ ጸጥታ። ዲዞልቭ (አንዱን ምስል ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ማሟሟት) ልዩነቱን ያለሰልሰዋል። ‹ጠቅ› እንዳይል ድምፁ ላይ የ1 ፍሬም ፌድ (ድምፁን በዝግታ ማክሰም) ይበቃል።

መቅጃው ድምፁን ከምስሉ ጋር የሚያገጣጥም ታይምኮድ ስለሌለው በየሾቱ መጀመሪያ ማጨብጨብ ግድ ነው። 2 ትሪፕል ኤ ባትሪ ይወስዳል፤ አልካላይን ይሁን፣ ርካሹ ቀረጻ መሃል ይከዳል። በዩኤስቢ ከፓወር ባንክም ይሠራል። በጀቱ ከፈቀደ ተተኪው ኤች1 ኢሴንሻል ጩኸቱንም ሹክሹክታውንም አብሮ በሚይዘው 32 ቢት ፍሎት ስለሚቀርጽ የጌይኑን ጣጣ ያቀላል፤ ማስጠጋቱን ግን አያስቀርም።