ጣና ላይ ጀልባ ከመያዛችሁ በፊት፦ ዓባይ መውጫ፣ ዘጌ ወይስ ዳጋና ናርጋ?

ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ጀልባ ስትጠይቁ «ሁሉንም አሳያችኋለሁ» የሚል ደላላ አይጠፋም። ጣና ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአንድ ቀን አይዳረስም። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የት እንደምትሄዱ ወስኑ። ዘመድ ሲመጣብኝ የምይዛቸው ጉዞዎች ሦስት ናቸው። አጭሩ ዓባይ መውጫ፣ መካከለኛው ዘጌ፣ ረጅሙ በደሴቶች ላይ ያሉት ገዳማት ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ።

ጉማሬና ወፍ ለሚወድ፣ ወይም ትንንሽ ልጆች ለያዘ፣ ዓባይ መውጫ ይሻላል። ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣው እዚሁ ከተማው አጠገብ ነው። ሁለት ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። ደንገሉ ዳር ፔሊካን ታያላችሁ፤ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆችም አሉ። ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውጡ። እኩለ ቀን ላይ ጉማሬው ውኃ ውስጥ ነው፤ ቢታይ ጆሮውና አፍንጫው ነው። ጀልባ ነጂው «ልጠጋላችሁ?» ቢል እምቢ በሉት። ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል። ደግሞ ዓባይ መውጫ ማለት ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አይደለም። ፏፏቴው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመኪና የሚኬድበት ነው። ሁለቱ አንድ መስሏቸው ከፍለው ያዘኑ እንግዶች አጋጥመውኛል።

ዘጌ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። በተለመደው ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከወረዳችሁ በኋላ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትወጣላችሁ። ጥላው ደስ ይላል። ጦጣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ታያላችሁ። ዘጌ ላይ በልማድ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። ሕዝቡ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። የዘጌ ገዳም መሥራች የሚባሉት አባ በትረ ማርያም ያቆዩት ቃል ኪዳን ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው እኔ ዘጌን እመርጣለሁ። ሴትም ወንድም ይገባል። ዳገቱ አይከብድም። ስትመለሱ ዓባይ መውጫን እንዲጨምርላችሁ አስቀድማችሁ ከተዋዋላችሁ ጉማሬውንም በአንድ ኮንትራት ታያላችሁ።

ወደ ዘጌ ሲኬድ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ የሚባሉ የደሴት ገዳማት አሉ። ክብራን ሴት አይገባም፣ እንጦስ ይገባል።

ይህ የሴት ነገር ትልቁን ጉዞ ሲያበላሽ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ አክስቴ ከአዲስ አበባ መጡልኝ። ጀልባውን ያገናኘን ሰው «ዳጋ ሁሉም ይገባል» አለን፤ እኔም ሳልጠይቅ አመንኩት። ከተነሳን ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደረስን። መነኮሳቱ በትሕትና ነገሩን፣ ዳጋ ለወንዶች ብቻ ነው። አክስቴ ጀልባው ላይ ሆነው ተሳልመው ቀሩ። እኔ ወጣሁ። የዐፄ ፋሲልንና የሌሎች ነገሥታትን አፅም አየሁ። ግን ልቤ ታች ነበር።

ስለዚህ ከእናት፣ ከሚስት ወይም ከእህት ጋር ከሆናችሁ ረጅሙን ጉዞ ወደ ናርጋ አድርጉት። ናርጋ ሥላሴ ደቅ ደሴት ላይ ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት። ሴት ይገባል። ወንዶች ብቻ ከሆናችሁ ዳጋንና ናርጋን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ግን ጠዋት 1 ሰዓት ካልተነሳችሁ አትሞክሩት። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይበረታል። ያንን ሁሉ መንገድ ልብሳችሁ እየራሰ ትመለሳላችሁ። ወንበሩም ወገብ ያደክማል። ውኃ የሚፈራ ሰው ካለ ዘጌ አያስቆጭም፤ እዚያ ሂዱ።

ዋጋው ብዙ ጊዜ ለጀልባው እንጂ ለነፍስ ወከፍ አይደለም። አራት አምስት ሆኖ መካፈል ያዋጣል፣ በተለይ ለረጅሙ፤ ነዳጁ ብዙ ነው። የገዳማት መግቢያ ለብቻው እዚያው ይከፈላል። ጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁም ተነጋገሩ። ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ጣሪያ የሌለው ጀልባ አትያዙ፣ ፀሐዩ ይጠብሳል። ነጠላ አትርሱ። እምቦጭ ለሚያሳስባችሁ፣ አረሙ የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ እነዚህ መንገዶች በደቡብና በመሐል ናቸው።

አክስቴን በዓመቱ ናርጋ ወሰድኳቸው። እቴጌዋ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሳሉበትን ሥዕል ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካከሉና ዝም ብለው ቆሙ። ጀልባ ነጂው «እንሂድ» እስኪል ድረስ ከዚያ አልተነቃነቁም።